የቢሮ አነስተኛ ሰርቨር፤ ስሙ ሲለወጥ ምን ይለወጣል?

ከአዋሽ ተነሥቶ በአሰቦትና በሚኤሶ በኩል የጨርጨርን ተራሮች የሚወጣው አውራ ጎዳና ጭሮ ከተማ ይገባል። በዕድሜ የገፉ ነጋዴዎችና ሾፌሮች ግን ከተማዪቱን እስከ ዛሬ «አሰበ ተፈሪ» ይሏታል። በየትኛውም ስም ብንጠራት የምንደርሰው እዚያው የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ነው፤ ገበያውም፣ ዳገቱም፣ የጫት መኪናውም ያው ነው። ስለዚህ ስም መለወጥና ነገሩ ራሱ መለወጥ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ የሚመለከተው ግን የቢሮ አነስተኛ ሰርቨርን ነው። አንድ ኩባንያ የሠራውን ማሽን ሌላ ኩባንያ ፈቃድ አግኝቶ በራሱ ስምና ዓርማ ሲሸጠው፣ ሁለቱን እንዴት እናነጻጽራቸዋለን?

እንበልና በጭሮ ወይም በገለምሶ የሚገኝ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጽሕፈት ቤት አሥራ ሁለት ኮምፒዩተሮች አሉት። የአባላት መዝገብ በአንዱ፣ የቡና ርክክብ በሌላው፣ የብድር ሒሳብ በሦስተኛው ተበታትኗል። ጽሕፈት ቤቱ ፋይሎቹን ሁሉ በአንድ ቦታ የሚያስቀምጥ አነስተኛ ሰርቨር ለመግዛት ወስኖ ሦስት ፕሮፎርማ ከአዲስ አበባ ያሰባስባል። በአንደኛው ላይ የታወቀ ስም ሰፍሯል፤ በሁለተኛው ላይ ያለውን ስም ግን ከኮሚቴው አባላት አንዱም ሰምቶት አያውቅም። ይሁን እንጂ ፎቶግራፎቹን ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው ሁለቱ ማሽኖች ከቀለማቸው በቀር ልዩነት አይታይባቸውም። ዋጋቸው ግን ይራራቃል። የግዥ ኮሚቴው በምን ይወስን? ውሳኔው ከተሳሳተ የሚጠፋው የማሽኑ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ገበሬው ስንት ፈረሱላ ቡና እንዳስረከበና ስንት ብር እንደሚቀረው የሚናገረው መዝገብ ጭምር ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እንለይ። የምንናገረው በገበያው ቋንቋ «ፌክ» ስለሚባለው ዕቃ አይደለም። ፌክ ማለት የሌላውን ስም ሰርቆ በሌላ አካል ላይ መለጠፍ ነው፤ ስሙ ያው፣ አካሉ ሌላ። የእኛ ጉዳይ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አካሉ ያው፣ ስሙ ሌላ፤ ያውም በሁለቱ ኩባንያዎች ስምምነት።

ይህ አሠራር ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሆላንድ ካር የተባለው ኩባንያ በኢትዮጵያ ገጣጥሞ ለገበያ ያቀረባቸውን መኪኖች በወንዞቻችን ስም ሰይሟቸው ነበር። ከእነርሱ አንዷ «ዓባይ» የቻይናው ሊፋን ኩባንያ «520» ብሎ የሚሠራት መኪና ነበረች። ሆላንድ ካር በ2010ሮቹ መጀመሪያ ዓመታት ሥራውን አቆመ። የዓባይ ባለቤት የሆነ ሰው ከዚያ በኋላ የመኪናውን የፍሬን ሸራ ወይም የውሃ ፓምፕ በየትኛው ስም ይፈልግ? «ዓባይ» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መደብሩን ባዶ እጁን ይወጣል፤ «ሊፋን 520» ብሎ የሚጠይቅ ግን የተሻለ ዕድል ነበረው፤ ሊፋን በሌላ ድርጅት በኩል እዚሁ መገጣጠሙን ቀጥሎ ነበርና። የመኪናውን ሁለተኛ ስም ማወቅ እንግዲህ የዕውቀት ጌጥ ብቻ ሳይሆን የኪስ ጉዳይም ነበር። አሁን ወደ ሰርቨሩ እንመለስ።

ሰማያዊውና ጥቁሩ ሳጥን

ሰርቨር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ማቀዝቀዣ ባለበት ክፍል በብረት መደርደሪያ የተቀመጠ፣ ባለሙያ ሌት ተቀን የሚጠብቀው ማሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ይህን ሐሳብ የቀየሩ ትናንሽ ማሽኖች መጡ። እንደ ራዲዮ ኤሌክትሪክ ላይ ይሰካሉ፤ ኪቦርድም ስክሪንም የላቸውም፤ የሚታዘዙት በቢሮው ካለ ከማንኛውም ኮምፒዩተር፣ ድረ ገጽ በሚከፍት ፕሮግራም በኩል ነው። ፋይል ያስቀምጣሉ፣ ኢሜይል ያመላልሳሉ፣ የቢሮውን ድረ ገጽ ያቀርባሉ፣ ለእያንዳንዱ ኮምፒዩተር የኔትወርክ አድራሻ ያድላሉ። ባለሙያ የሌለው ቢሮ እንዲጠቀምባቸው ታስበው የተሠሩ ናቸው።

ከእነዚህ በጣም የታወቀው «ኪዩብ» ነው። ኮባልት ኔትዎርክስ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ የመጀመሪያውን ኪዩብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው ወደ ኪዩብ ቅርጽ የተጠጋ፣ ጎኑ ከ20 ሴንቲ ሜትር የማያልፍ ሰማያዊ ሳጥን ነበር። ቀለሙም በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም፤ የኬሚስትሪ ተማሪዎች እንደሚያውቁት የኮባልት ውሕዶች ከጥንት ጀምሮ ለመስተዋትና ለሸክላ ሥራ ሰማያዊ ቀለም ሲያገለግሉ ኖረዋል። (በጭሮ ይህን ስም በላቲን ፊደል ተጽፎ የሚያይ ሰው «ቁቤ» ብሎ ቢያነበው አይፈረድበትም። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ስለ ፊደል የምንለው አለንና ቆይተን እንመለስበታለን።)

በውስጡ የነበረው ፕሮሰሰር በዘመኑ በጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ከተለመደው የኢንቴል ዓይነት ሳይሆን «ሚፕስ» ከሚባለው ቤተሰብ ነበር። የመጀመሪያው ኪዩብ 150 ሜጋኸርዝ፣ ቀጥሎ የመጣው ኪዩብ 2 ደግሞ 250 ሜጋኸርዝ ነበራቸው። የሚሠሩትም በሊኑክስ ነበር። ፋይል የሚያካፍለው ሶፍትዌር ሳምባ፣ ድረ ገጽ የሚያቀርበው አፓቼ ነው፤ ሁለቱም ማንም በነጻ የሚያገኛቸው ናቸው። የኮባልት የራሱ ድርሻ ሳጥኑ፣ የውስጥ ሰሌዳውና እነዚህን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ በቀላሉ የሚያዝዘው ሶፍትዌር ነበር።

በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ከታወቁት የኮምፒዩተር ሻጮች አንዱ የነበረው ጌትዌይ ለትናንሽ ቢሮዎች የሚሸጠው ሰርቨር አስፈለገው። አዲስ ከመሥራት ይልቅ ከኮባልት ጋር ተስማምቶ ኪዩብ 2ን «ጌትዌይ ማይክሮ ሰርቨር» ብሎ ለገበያ አቀረበው። ሰማያዊው ሳጥን ጥቁር ሆነ።

አንድነቱ በምን ይታወቃል?

ተማሪ «ሁለቱ አንድ ናቸው» ሲባል በምስክርነት ብቻ መቀበል የለበትም። ማረጋገጫው በእጃችን ነው።

የመጀመሪያው ማረጋገጫ የኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ የኔትወርክ ካርድ ሲሠራ 48 ቢት ርዝመት ያለው ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚህ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 24 ቢቶች «አይ ትሪፕል ኢ» የተባለው ዓለም አቀፍ የመሐንዲሶች ማኅበር ለእያንዳንዱ አምራች መዝግቦ የሚሰጣቸው ናቸው፤ የቀሩትን 24 ቢቶች አምራቹ ራሱ ይሞላል። በዚህ መሠረት አንድ አምራች በአንድ ምዝገባ 16,777,216 ካርዶችን መለየት ይችላል፤ ሁለትን 24 ጊዜ በራሱ ስናባዛ የምናገኘው ቁጥር ይህ ነውና። በአሥራ ስድስትዮሽ ቁጥር ሲጻፍ ዜሮ ዜሮ፣ አንድ ዜሮ፣ ኢ ዜሮ ብሎ የሚጀምረው መለያ የተመዘገበው በኮባልት ስም ነበር። በሳጥኑ ፊት ላይ የተለጠፈ ዓርማ በአንድ ቀን ይቀየራል፤ ይህ ቁጥር ግን የውስጥ ሰሌዳውን ማን እንደሠራው ብዙ ጊዜ ይናገራል። ብዙ ጊዜ ያልነው ቁጥሩን በሶፍትዌር መለወጥም፣ ከሌላ አምራች የተገዛ የካርድ ክፍል ሰሌዳው ላይ መገኘትም ስለሚቻል ነው። ስለዚህ ብቻውን ፍርድ አይሆንም፤ ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚጠየቅ ምስክር ነው። ለማየትም ማሽኑን መክፈት አያስፈልግም፤ በአንድ ኔትወርክ ላይ ካለ ኮምፒዩተር በአንድ ትእዛዝ ይነበባል።

ሁለተኛው ማረጋገጫ ማሽኑ ሲነሣ የሚጽፋቸው መልእክቶች ናቸው። የፕሮሰሰሩ ዓይነት፣ የማስታወሻው መጠን፣ የዲስኩ ሞዴል በዚያ ላይ ይሰፍራሉ። ሻጩ የዋናውን ገጽ ስም ቢለውጥም እነዚህን መልእክቶች አጥርቶ ለመለወጥ ብዙ ጊዜ አይደክምም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሦስተኛው ነው፤ ለአንዱ የተሠራ ሶፍትዌር በሌላው ላይ ይሠራል ወይ? ኔትቢኤስዲ የሚባለው ነጻ የኮምፒዩተር ሥርዓት ለኮባልት ማሽኖች የተዘጋጀ ቅርንጫፍ አለው፤ ይህ ቅርንጫፍ ከሚደግፋቸው ማሽኖች ዝርዝር ውስጥ ኪዩብ 2 እና የጌትዌይ ማይክሮ ሰርቨር አብረው ይገኛሉ። አዘጋጆቹ ለሁለቱ ሁለት ሶፍትዌር መጻፍ አላስፈለጋቸውም። በሳይንስ ቋንቋ ስንናገር፣ አንድ ዓይነት ግብዓት ሰጥተናቸው አንድ ዓይነት ውጤት ከሰጡን፣ በዚያ መለኪያ ሁለቱን የምንለይበት ምክንያት የለንም።

አሁን ደግሞ ወደ ማዶው እንመልከት። ኮባልት እ.ኤ.አ. በ2000 «ኪዩብ 3»ን አወጣ። ስሙ ያው ኪዩብ፣ ቀለሙም ሰማያዊ ነው። በውስጡ ግን ሚፕስ የለም፤ በምትኩ የኤ.ኤም.ዲ. ኩባንያ «ኬ6-2» ፕሮሰሰር ገብቷል። ሁለቱ ፕሮሰሰሮች የሚናገሩት የተለያየ የማሽን ቋንቋ ስለሆነ ለኪዩብ 2 የተዘጋጀ ፕሮግራም በኪዩብ 3 ላይ እንዳለ አይሠራም። እንግዲህ ስሙ የተለወጠው ጥቁር ሳጥን ከኪዩብ 2 ጋር አንድ ሆኖ ሲገኝ፣ ስሙ ያልተለወጠው ሰማያዊ ሳጥን ሌላ ማሽን ሆኖ ተገኘ። «ዋናው ይሻላል» የሚል የግዥ ኮሚቴ የትኛውን ዋና ማለቱ እንደሆነ አስቀድሞ ቢጠየቅ መልስ ያጥረዋል። ስሙ ላይ ሳይሆን የሞዴል ቁጥሩ ላይ ማተኮር የሚገባውም ለዚህ ነው።

ስለ ፍጥነት ንጽጽር

ሁለቱን ማሽኖች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠን የትኛው እንደሚፈጥን ለማየት መሞከር ተፈጥሯዊ ነው። ይህን ሙከራ ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ በትክክል የሚያደርገው ግን ጥቂት ነው።

እንበልና 500 ሜጋባይት የሚሆን ፋይል ወደ ሰማያዊው ስንገለብጥ 70 ሴኮንድ፣ ወደ ጥቁሩ ስንገለብጥ 78 ሴኮንድ ፈጀ። የችኮላ ድምዳሜው «ዋናው ይፈጥናል» የሚል ነው። ነገር ግን በሁለቱ ውስጥ ያሉት ዲስኮች አንድ ናቸውን? ሻጩ ኩባንያ ሳጥኑን ከአንዱ፣ ዲስኩን ከሌላው ርካሽ አቅራቢ ሊገዛ ይችላል። ኬብሉስ? በመሐል ያለው ማከፋፈያስ? በዚያች ደቂቃ ሌላ ሰው ኔትወርኩን እየተጠቀመ ነበርን? አንዱ ዲስክ ግማሽ የሞላ፣ ሌላው ባዶ ቢሆንስ? ሙከራው ፍትሐዊ የሚሆነው እነዚህን አንድ በአንድ ካስተካከልን በኋላ ነው። ያንኑ ሙከራ ቢያንስ አምስት ጊዜ ደጋግመን መካከለኛውን ብቻ ሳይሆን በአንዱ ሙከራና በሌላው መካከል ያለውን መራራቅም እንመዝግብ። የሰማያዊው ውጤቶች ከ66 እስከ 79 ሴኮንድ ከተዘረጉ፣ የስምንት ሴኮንዱ ልዩነት ምንም አልነገረንም ማለት ነው። ከዚያም ዲስኮቹን አቀያይረን እንድገመው። ዘገምተኛነቱ ከዲስኩ ጋር ወደ ሰማያዊው ሳጥን ከተሻገረ ጥፋቱ የሳጥኑ አልነበረም።

ጣሪያውንም ማወቅ ያስፈልጋል። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ ኔትወርክ ቢበዛ በሴኮንድ 12.5 ሜጋባይት ያሳልፋል፤ ስምንት ቢት አንድ ባይት ነውና። ስለዚህ 500 ሜጋባይት ከ40 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ በዚህ መስመር ሊያልፍ አይችልም፤ 25 ሴኮንድ ፈጀ የሚል የሻጭ ወረቀት ካየን ወይ ስለ ሌላ ኔትወርክ እየተናገረ ነው፣ ወይ አልለካም።

ልዩነቱ ያለው የት ነው?

አካሉ አንድ ከሆነ የዋጋው ልዩነት ለምንድን ነው? እኛ እንደምናየው ገዢው ከብረቱ በላይ የሚከፍለው ለሦስት ነገሮች ነው፤ ሲበላሽ ለሚጠግነው ሰው፣ ማስተካከያ ሶፍትዌር ለሚልከው ሰው፣ ሁለቱም ለሚቆዩበት ዘመን። ከሦስቱ ትልቁ ሁለተኛው ነው።

ሶፍትዌር ሁሉ ስሕተት አለበት፤ ስሕተቱ ሲታወቅ ደግሞ ለመልካም ሰውም ለክፉም ሰው እኩል ይታወቃል። የማስተካከያው ሶፍትዌር ከዋናው አምራች ሲወጣ ዋናውን የገዛ ቢሮ ወዲያው ያገኘዋል። ስሙን የለወጠውን የገዛ ቢሮ ግን ሁለተኛው ኩባንያ ተቀብሎ፣ የራሱን ዓርማ አስገብቶ፣ ሞክሮ እስኪለቀው መጠበቅ ሊኖርበት ነው። መንገዱ በአንድ ጣቢያ ይረዝማል። የዚህን ትርጉም ለመረዳት ቀረብ ያለ ምሳሌ አለን። የታይዋኑ ኪውናፕ ለቢሮ የሚሆኑ አነስተኛ የፋይል ማስቀመጫ ሰርቨሮችን ይሠራል፤ ፉጂትሱ «ሴልቪን» በሚል ስም የሸጣቸው ማሽኖችም የኪውናፕ ሥራ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 «ቅሎከር» የተባለ ጥቃት በኪውናፕ ማሽኖች ላይ ደረሰ። ጥቃት አድራሾቹ በመጠባበቂያ ቅጂ ፕሮግራሙ ውስጥ በተገኘ ቀዳዳ ገብተው የባለቤቶቹን ፋይሎች በይለፍ ቃል እየቆለፉ ማስከፈቻ 0.01 ቢትኮይን ጠየቁ። በእንዲህ ያለ ሳምንት ማስተካከያው ዛሬ መድረሱና ከወር በኋላ መድረሱ የመዝገብን መኖርና አለመኖር ይወስናል። ስለዚህ ስሙ የተለወጠ ማሽን ለመግዛት የሚያስብ ቢሮ ሊጠይቀው የሚገባው ቁልፍ ጥያቄ «ዋናው አምራች ባለፈው ዓመት ማስተካከያዎችን መቼ መቼ አወጣ፤ እናንተስ መቼ መቼ ለቀቃችሁ?» የሚል ነው። የሁለቱ ቀኖች ልዩነት የማሽኖቹ እውነተኛ ልዩነት ነው።

ይህን ስንል «እንግዲያው ዋናውን መግዛት ነው» የሚል ድምዳሜ ላይ የደረሰ አንባቢ ካለ ጥቂት ይታገሠን። የኮባልት ታሪክ ቀጥሎ የሄደው ሌላ መንገድ ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ ኮባልትን ለመግዛት መስማማቱን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 አስታወቀ፤ ዋጋው ሁለት ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2003 መጨረሻ፣ የኮባልት ማሽኖች መሥመር ተዘጋ። ጌትዌይ ራሱ በ2007 በኤሰር ተገዛ፤ ሰን ደግሞ በ2010 የኦራክል ሆነ። ሰማያዊውን የገዛም ጥቁሩን የገዛም እኩል ያለ አባት ቀረ። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነገር የሚገርም ነው። ሰን ማሽኖቹን ሲያቆም የኋለኞቹን ሞዴሎች የማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ምንጭ ጽሑፍ በነጻ ፈቃድ ለሕዝብ ለቀቀው፤ በጃፓን የነበሩ ተጠቃሚዎችም «ብሉኳርትዝ» በሚል ስም አንሥተው አስቀጠሉት። ኔትቢኤስዲም ከላይ እንደ ጠቀስነው አሮጌዎቹን የሚፕስ ሳጥኖች ተሸክሟቸው ቀጠለ። በመጨረሻ ማሽኖቹን ያቆያቸው የሰማያዊውም የጥቁሩም ስም ሳይሆን ማንም ሊያነበው የሚችለው የሶፍትዌሩ ጽሑፍ ነበር።

በጨርጨር ደጋና በሚኤሶ ቆላ

ማሽን የሚፈተነው በተሠራበት አገር ላቦራቶሪ ብቻ አይደለም። በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ልዩነት የሚያመጡት ሁኔታዎች የትኞቹ ናቸው?

ጭሮ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍግታ በባሕር ወለል ካለው ወደ 84 በመቶ ይወርዳል፤ በአንድ ሜትር ኩብ 1.225 ኪሎ ግራም የነበረው ወደ 1.03 ይሆናል። የሰርቨሩ ማራገቢያ በሴኮንድ የሚያንቀሳቅሰው የአየር ይዘት ያው ቢሆንም አየሩ ስለሳሳ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። በባሕር ወለል ላይ አየሩ በሳጥኑ ውስጥ ሲያልፍ በ10 ዲግሪ የሚሞቅ ከሆነ፣ በጭሮ ይኸው ጭማሪ 10 ሲባዛ በ1.225 ሲካፈል ለ1.03፣ ማለትም ወደ 12 ዲግሪ ይሆናል። ሁለት ዲግሪ ብዙ አይደለም። ከጭሮ ቁልቁል ወርደን ወደ 1300 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በሚኤሶ ያንኑ ብናሰላ ጭማሪው 11 ከግማሽ ዲግሪ አይሞላም። ከአየሩ አንጻር ሚኤሶ ትሻላለች ማለት ነው። ነገር ግን የጭሮው ቢሮ 22 ዲግሪ፣ የሚኤሶው ቢሮ ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ ቢሆን፣ በሳጥኑ ውስጥ የሚያልፈው አየር በጭሮ 34፣ በሚኤሶ ከ46 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ቆላው የሚጎዳው በከፍታ ሳይሆን በክፍሉ ሙቀት ነው። ለዲስክ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። የሳጥኑ ቀለም ሰማያዊ ይሁን ጥቁር እዚህ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም፤ መስኮት አጠገብ ፀሐይ ላይ ካላስቀመጡት በቀር።

ሁለተኛው የመብራት መቆራረጥ ነው። የኪዩብ 2 ዘመን ሊኑክስ ፋይሎችን የሚያስቀምጠው «ኤክስት 2» በሚባለው ሥርዓት ነበር። ይህ ሥርዓት የጀመረውን ሥራ አስቀድሞ በማስታወሻ የመመዝገብ ልማድ የለውም። መብራት በመጻፍ ላይ እያለ ቢጠፋ ሲነሣ መላ ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ መፈተሽ አለበት፤ አንዳንዴም ግማሹ የተጻፈ ፋይል ይጠፋል። ማስታወሻ የሚይዘው «ኤክስት 3» ወደ ዋናው ሊኑክስ የገባው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2001 ነው። ዛሬ የሚሸጡ ማሽኖች ይህ ችግር በእጅጉ ቀንሶላቸዋል፤ ሆኖም ባትሪ ያለው የመጠባበቂያ ኃይል ሳጥን ሳይገዙ ሰርቨር መግዛት በሂርናም ሆነ በበዴሳ የሚመከር አይደለም። በእኛ ግምት ገንዘቡ የማይበቃ ከሆነ ርካሹን ሰርቨር ወስዶ በተረፈው ባትሪውን መግዛት ይሻላል።

ሦስተኛው ቃል የገባነው የፊደል ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። በኪዩብ 2 ላይ የነበረው ሳምባ ግን የፋይል ስሞችን በዩኒኮድ አይቀበልም ነበር፤ ይህ ችሎታ የመጣው በ2003 በወጣው ሳምባ 3 ነው። ስለዚህ «ወጪ» ብለን በግዕዝ ፊደል የሰየምነው ፋይል እዚያ ሰርቨር ላይ ስሙን ይዞ ሊቀመጥ አይችልም ነበር፤ በቁቤ የተጻፈው የአፋን ኦሮሞ ስም ግን የላቲን ፊደል ስለሆነ ያለ ችግር ያልፋል። በምዕራብ ሐረርጌ ቢሮዎች በሁለቱም ፊደል የሚጻፉ ሰነዶች ጎን ለጎን ስለሚኖሩ ይህ የሚናቅ ነገር አይደለም። ይህም ጉድለት የሰማያዊውም የጥቁሩም ነበር። የሶፍትዌሩ ዕድሜ እንጂ የስሙ ልዩነት አላመጣውም።

ወደ ፕሮፎርማው ስንመለስ

የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የግዥ ኮሚቴ አሁን ሦስቱን ወረቀቶች እንደገና ቢዘረጋ የሚፈልገው ነገር ተቀይሯል። በእያንዳንዱ ላይ የሻጩ ስም ብቻ ሳይሆን የዋናው አምራች ስምና የሞዴል ቁጥር እንዲጻፍ ይጠይቃል። ማስተካከያ ሶፍትዌር እስከ የትኛው ዓመት እንደሚወጣ፣ ከዋናው አምራች በቀጥታ መውሰድ ይቻል እንደ ሆነ፣ ዋስትናውን የሚያስፈጽመው ሰው አዲስ አበባ ይሁን ድሬዳዋ እንዲገለጽ ያደርጋል። ከጭሮ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በዋስትና ስም ሳጥኑን በአውቶቡስ እየላኩ መጠበቅም ወጪ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ፈተና አለ፤ ግማሽ ቀን አይወስድም። ማሽኑ ሲመጣ ርክክቡ ከመፈረሙ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነም ሞዴል 19 ከመቆረጡ በፊት ነው የሚደረገው። ጥቂት የሙከራ ፋይሎች፣ አንዱ በግዕዝ፣ አንዱ በቁቤ የተሰየመ፣ በሰርቨሩ ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ ማሽኑ በሥርዓቱ ይዘጋል፤ ዲስኩ ወጥቶ ሊኑክስ ባለበት ተራ ኮምፒዩተር ላይ ይገጠማል። ፋይሎቹ ስማቸውንና ይዘታቸውን ይዘው ከተነበቡ ሳጥኑ ነገ ቢቃጠል፣ ኩባንያው ቢዘጋ ወይም ስሙ እንደገና ቢለወጥ የገበሬው መዝገብ ከሳጥኑ ተለይቶ መኖር ይችላል። ካልተነበቡ ደግሞ ምክንያቱን ሻጩ በዚያው ቀን፣ ገንዘቡ ሳይከፈል እንዲያስረዳ ይጠየቃል።